ካርቶኑን አምኜ

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴን ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ላመጣት በአባቴ ቮልስዋገን ጀውሃ ወረድኩ። ሞተሩን ያሳደስኩት በዚያው ወር ስለነበር ሙሉ እምነት ነበረኝ። ስንመለስ ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማበርን ዳገት ስንያያዝ የዘይት መብራቱ በራ፤ ከሞተሩም መዶሻ የሚመስል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ዳር ይዤ አጠፋሁት። እናቴ በዚያ ጉም ጋቢዋን ተከናንባ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አዝኖ ደብረ ብርሃን አደረሰን፤ ቀጠሮዋ ግን አለፈ።

ሞተሩ ሲፈታ ጉዱ ታየ። ክራንክሻፍቱ ስለተበላ ቶርኖ ቤት 0.25 ሚሊሜትር ቀንሰውለታል። የሚገባለት ብሮንዚንም በዚያው ልክ ወፈር ያለው ነው። የገዛሁት ካርቶን ላይ 0.25 ተጽፏል። ከብሮንዚኖቹ የአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ የተመታው ግን ስታንዳርድ ይላል። የአንዱ ውፍረት ልዩነት አንድ ወረቀት ቢያክል ነው። ነገር ግን ለዘይቱ የሚተወው ክፍተት ራሱ የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ብቻ ስለሆነ፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ዘይቱ ይሸሻል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ብረት ከብረት ይጋጫል። መካኒኩን ያጣደፍኩት እኔ ነበርኩና ማንን ልውቀስ?

እናቴ ስትሰማ፣ «ሽንኩርት ስገዛ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቼ ከፍዬ አላውቅም። እስከ ታች እጄን እሰዳለሁ» አለችኝ።

ቮልስ መመረት ያቆመችው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ዛሬ የሚገኘው መለዋወጫ ወይ ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት፣ ወይ መደርደሪያ ላይ የከረመ፣ ወይ ካርቶኑ የተለዋወጠ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ከአሥረኛ ክፍል ልጄ ጋር የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግተን ተቀመጥን። የ1300 ሞተር የቢዬላ አንገት አዲስ ሲሆን 55 ሚሊሜትር ነው፤ የእኛ በማይክሮሜትር 54.75 ሆነ። ስምንቱን የቢዬላ ብሮንዚኖች አንድ በአንድ ገልብጣ ጀርባቸውን አነበበች። ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተን የጫፎቹን ክፍተት ለካን፤ ከ0.30 እስከ 0.45 መሆን አለበት። አራቱን ፒስተኖች በወጥ ቤት ሚዛን መዘንን፤ ከ10 ግራም በላይ ሊለያዩ አይገባም። አንዱ 14 ግራም በለጠ። እኔ «ምን ይላታል» ልል ስል ልጄ ካርቶኑን ዘጋችና፣ «አባዬ፣ ነገ እንመልሰው» አለች። መለስነው። ሥራው ሁለት ሳምንት ዘገየ።

ባለፈው እሑድ እናቴን ልናመጣ ጀውሃ ሄድን። የኋላ ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት በሩን ይዛ ቆመችና የልጅ ልጇን ጠየቀቻት፦

«የኔ ልጅ፣ እስከ ታች አይታችሁታል?»

«አዎ እማማ፣ እስከ ታች።»

ገባች። የጣርማበርን ዳገት ስንወጣ ተኝታ ነበር።