ሰላምታ ያስቀረው ዓይን



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከገዛ ቤታችን የተነሣ ጉዳይ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ነገሩ በከፊል የሚያሳፍረን ነው። ሆኖም እኛ የሠራነውን ስሕተት ዛሬም እየሠራ ያለ ቤተሰብ እንደማይጠፋ ስለምናምን ልንደብቀው አልፈለግንም።

መነሻው የአንድ አባት ስሞታ ነበር። እዚህ አረካ ከተማ በዕድሜያቸውም በምግባራቸውም የምናከብራቸው ጎረቤታችን አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቤታችን ድረስ መጡ። ቡና ቀርቦላቸው ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ፣ «አትቀየሙኝና ይህቺን ልጃችሁን ምን ነካት?» አሉን። «በገበያው መንገድ ማዶ ለማዶ ስንተላለፍ እጄን አንስቼ ሰላም እላታለሁ፤ እያየችኝ ታልፈኛለች። እኔን ብቻ አይደለም፣ ሌሎችም ታዝበዋታል። ጨዋ ልጅ ነበረች፤ ይህን ኩራት ከየት አመጣችው?»

አፈርን። እንግዳችንን ከሸኘን በኋላ ልጃችንን ጠርተን ተቆጣናት። ሰላምታን መመለስ ግዴታ እንደሆነ፣ ታላቅን ማክበርም የሙስሊም ልጅ መለያ እንደሆነ ረዘም ያለ ተግሣጽ ሰጠናት። የ17 ዓመት ልጅ ናት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችንና፣ «አባዬ፣ እኔ እኮ ፊታቸው አይታየኝም» አለች።

«መነጽር አድርገሽ?»

«አድርጌም።»

ያን ዕለት ሌሊት እኛ ወላጆቿ እንቅልፍ አልወሰደንም። መነጽር ማድረግ ከጀመረች 3 ዓመቷ ነበር፤ በነዚህ ዓመታትም ደጋግመን ቀይረንላታል። አዲስ በተገዛላት ቁጥር ለጥቂት ወራት ይሻላትና ሰሌዳው መልሶ ይደበዝዝባታል። ጥፋቱን ግን በእርሷ ላይ ነበር የምናየው። «መነጽርሽን በደንብ አትይዢም»፣ «በደብዛዛ መብራት እያነበብሽ ነው» እንላት ነበር። ከትምህርት ቤት «ትኩረት ይጎድላታል» የሚል ቃል ሲደርሰንም ሳንጠይቅ አመንን። ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ በተለይ በበጋው አቧራ፣ ዓይኗን ያሳክካታል፤ በጣቶቿ አንጓ አጥብቃ ታሸዋለች። ይህንንም እንደ መጥፎ ልማድ ቆጥረን ከመቆጣት በቀር ሐኪም አልጠየቅንበትም።

በማግሥቱ ሶዶ ወሰድናት። የመረመራት ባለሙያ ደጋግሞ ለካትና፣ «ከዚህ በላይ በመነጽር ላስተካክልላት አልችልም፤ አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ይያት» አለን። በሳምንቱ ንጋት ላይ ከአረካ ተነሥተን በሆሳዕናና በወራቤ በኩል ጉዞ ጀመርን። ቡታጅራ ስንደርስ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ የተሸፈነ አረጋውያን ልጆቻቸው እየመሯቸው መኪና ሲጠብቁ አየን። በዚያች ከተማ የሚገኘው ግራርቤት ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። ልጃችን ትኩር ብላ አየቻቸውና፣ «እኔንም እንዲህ ይሸፍኑኛል?» ብላ ጠየቀች። የምንመልስላት አልነበረንም።

በሽታው ምንድን ነው?

ሐኪሙ የነገሩን ስም «ኬራቶኮነስ» የሚል ነው። በዓይናችን ፊት ለፊት ኮርኒያ የሚባል እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ጤነኛው ኮርኒያ እንደ ኳስ ገጽ የተስተካከለ ክብነት ስላለው ብርሃንን ሰብስቦ በትክክል ወደ ውስጥ ያስገባል። በዚህ በሽታ ግን ሽፋኑ እየሳሳ ሄዶ እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ፊት ይሾላል። ቅርጹ ወጣ ገባ ስለሚሆን ብርሃኑ ይበታተናል፤ አንዱ ነገር ሁለት መስሎ ይታያል፤ የሰው ፊት ይፈስሳል። የመነጽር መስታወት ይህን ወጣ ገባነት ሊያስተካክል አይችልም። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ነው። ዓይንን አጥብቆ ማሸት ደግሞ ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ነው። የልጃችን ልማድ የመሰለን ነገር የአለርጂ ሕመም ነበር፤ መድኃኒትም ነበረው።

ለዚህ ዓይነቱ ዓይን ከሚሰጡት መፍትሔዎች አንዱ ኮንታክት ሌንስ ነው። ብዙዎቻችን ኮንታክት ሌንስን የምናውቀው በከተማ ሙሽሮች ዓይን ላይ እንደሚታይ ባለቀለም ጌጥ ነው። ለልጃችን የታዘዘው ግን ከጥፍር የሚያንስ፣ አየር የሚያስተላልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሌንሱ በኮርኒያው ፊት በእንባ ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። በሌንሱና በሾለው ኮርኒያ መካከል ያለውን ክፍተት እንባ ይሞላዋል፤ ብርሃኑም የተስተካከለ ገጽ አግኝቶ ይገባል። ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ አስገነዘበን፦ ሌንሱ እይታን ያስተካክላል እንጂ በሽታውን አያቆምም። እየባሰ የሚሄደውን ለማስቆም ኮርኒያን በልዩ ጠብታና በጨረር የሚያጠነክር ሌላ ሕክምና አለ። እጅግ ለተጎዳ ዓይን ደግሞ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ይደረጋል፤ በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የሚሰበስበውና በተለምዶ «የዓይን ብሌን» የምንለው ይኸው ኮርኒያ ነው።

ይህ ሌንስ እዚህ ለመድረስ ረጅም መንገድ ተጉዟል። የምናየው ከነገሮች የመጣ ብርሃን ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በ«ኪታቡል መናዚር» ያብራራው የበስራው ተወላጅ ሙስሊም ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ዙሪክ ውስጥ ፊክ የተባለ ሐኪም ከመስታወት የተሠራ ሌንስ ለበሽተኞች ሞከረ፤ ይሁን እንጂ ከባድ ስለነበረ ከጥቂት ሰዓት በላይ አያስቆይም ነበር። በ1948 ትንሹ የፕላስቲክ ሌንስ መጣ። በ1961 ደግሞ ቪክተርሌ የተባለ የቼክ ኬሚስት በልጆች መጫወቻ ብረቶችና በብስክሌት ዲናሞ ማሽን ገጣጥሞ ለስላሳውን ሌንስ እቤቱ ውስጥ ሠራ።

በዓይን ውስጥ ባዕድ ነገር?

ሌንሱ ተለክቶ የተሰጣት ዕለት ለማስገባት ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ጣቷ ሲቀርብ ዓይኗ ይጨፈናል፤ እንባዋ ይፈሳል። በመጨረሻ ሲገባላት ዝም አለች። በመስኮቱ ወደ መንገዱ ተመለከተችና በማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች። ከዚያም ዞር ብላ እኛን ረዘም ላለ ጊዜ አየችንና፣ «አባዬ፣ ሸበትክ እኮ!» አለች። ሣቅን፤ የሣቅነው ግን እንባችንን ለመደበቅ ነበር።

አረካ ስንመለስ አያቷ፣ «በዓይኗ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀምጦ ውዱእዋ እንዴት ይሆናል?» ብለው ተጨነቁ። ጥያቄው ተገቢ ስለነበረ ወደ መስጊዳችን ሼኽ ሄድን። ሼኹ እንዲህ አስረዱን፦ በውዱእ የሚታጠበው የፊት ውጫዊ ክፍል ነው፤ አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት የዓይንን ውስጥ ማጠብ ግዴታ እንዳልሆነ ይናገራሉ፤ ስለዚህ ሌንሱ ለውዱእም ሆነ ለገላ ትጥበት እንቅፋት አይሆንም። ጠብታዋን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ፣ ወደ ጉሮሮ የደረሰው እስካልተዋጠ ድረስ የዓይን ጠብታ ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። በዚህ ላይ ከጥንትም የመዝሀቦች ልዩነት ስላለ ጥንቃቄ የፈለገ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ወደ ሌሊት ማዛወር ይችላል። ሼኹ በመጨረሻ፣ «መታከም እኮ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ነው፤ ልጅቱን አታስጨንቋት» ብለው አሰናበቱን።

ያላሰብነው አደጋ

ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። በ2ኛው ወር የሌንሱ ማጠቢያ ፈሳሽ አለቀ። አረካ ውስጥ ፈልገን አጣነው። ልጃችን ውሃ አፍልታ አቀዘቀዘችና በዚያው ሌንሷን አጥባ አደረገችው። የፈላ ውሃ ንጹሕ ነው ብለን እኛም አልከለከልናትም። በ3ኛው ቀን አንድ ዓይኗ ደም መሰለ፤ ብርሃን ማየት አቃታት፤ ሕመሙም አላስተኛት አለ። አንዷ ጎረቤት የእናት ጡት ወተት ይጨመርበት አሉን፤ ሌላው ቅጠል ጨምቀው አመጡ። በመልካም ልብ እንደሆነ እናውቃለን። አልሐምዱሊላህ፣ አንዱንም ሳንጨምር ሌንሱን አውጥተን በጠዋቱ ሐኪም ዘንድ ደረስን። የኮርኒያ ቁስለት ጀምሮ ነበር። «ጥቂት ቀን ብትቆዩ ኖሮ ጠባሳው ዓይኗን ያጠፋው ነበር» ተባልን።

ነገሩን ስናስበው አስገረመን። በአገራችን ስለ ዓይን ጤና የተማርነው ትልቁ ትምህርት ፊትን መታጠብ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ፊትን በውሃ ማጽዳትም በሽታውን ከሚከላከሉት አራት ዋና ዘዴዎች አንዱ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ቤተሰብ ለዚህ የታደለ ነው። ለፊት መድኃኒት የሆነው ውሃ ግን ለሌንስ ጠላቱ ነው። በቧንቧም፣ በጉድጓድም፣ በወንዝም ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። ከነርሱ መካከል አካንታሜባ የሚባለው ሌንስ ላይ ተጣብቆ ኮርኒያን ይበላል፤ ሕክምናውም ወራት ይፈጃል። በማፍላት ብዙው ቢሞትም ውሃው ሌንሱን አያጸዳም፤ ሲቀዘቅዝና ዕቃ ሲለውጥም መልሶ ይበከላል።

ስለዚህ በቤታችን ይህን ሥርዓት ይዘናል፤ ለሚጠቅመው እነሆ፦

1. ሌንስ የሚደረገው የሱብሂ ውዱእና ሶላት ካለቀ በኋላ ነው። እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ብቻ ይነካል።

2. ለዙህርና ለዐስር ውዱእ ሲደረግ ዓይን ይጨፈናል፤ ውሃ በኃይል አይረጭም፤ ሽፋሽፍቱ ሳይታሽ በጨርቅ ይደርቃል። ለገላ ትጥበት ሌንሱ ይወጣል።

3. ከመኝታ በፊት ይወጣል። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየር ነው። ዓይን ተጨፍኖ ሌንስ ሲጨመርበት ይታፈናል፤ የመመረዝ አደጋውም በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

4. ማጠቢያው ፈሳሽ በየዕለቱ ይቀየራል፤ ባለፈው ቀን ላይ አይጨመርም። ትርፍ ጠርሙስ ሁልጊዜ በቤት ይኖራል። ካለቀ ሌንሱ ይቀራል፤ አሮጌው መነጽር ይደረጋል። ምራቅማ ጨርሶ አይታሰብም።

5. ዱቄት ኩል በዓይን ውስጠኛ ጠርዝ ከሌንስ ጋር አይሄድም። ለሠርግ ወይም ለዒድ የጓደኛን ባለቀለም ሌንስ መዋዋስ፣ ወይም ሳይለኩ ከሱቅ መግዛት፣ ዓይንን በጌጥ መለወጥ ነው።

6. ዓይን ከቀላ፣ ካመመ ወይም ብርሃን ከፈራ ሌንሱ ወዲያው ይወጣል፤ ሐኪም ዘንድም በዚያው ዕለት ይኬዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የስቴሮይድ ጠብታ ሕመሙን ሸፍኖ ሊያባብስ ይችላል።

የሌንሱ ወጪ ለአንድ ቸርቻሪ ቤተሰብ ቀላል አልነበረም፤ ለሱቁ ማስፋፊያ ያስቀመጥነውን ነው ያወጣነው። ሁሉም ሰው ይህን ማድረግ እንደማይችል እናውቃለን። የበሽተኛ ልጅም መፍትሔ ሁሉ ሌንስ አይደለም፤ አብዛኛው በአንድ መነጽር ይስተካከላል። ነገር ግን ልጁ ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን ሲያጠብ፣ መጽሐፉን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ፣ ዓይኑን ሲያሽ፣ ሰላምታ ሲያልፈው፣ ከመቆጣታችን በፊት «ይታይሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። እኛ ይህን ለመጠየቅ 3 ዓመት ፈጀብን። ልጃችንን ይቅርታ ጠይቀናታል።

እነዚያንም አባት ቤታችን ጠርተን እውነቱን ነገርናቸው። ብዙ አዘኑ፤ «ሳላጣራ ሰው ላይ ፈረድኩ» እያሉ ደጋግመው ኢስቲግፋር አደረጉ። ባለፈው የገበያ ቀን አብረናት ስንሄድ ከሩቅ ያየቻቸው እርሷ ነበረች። እኛ ገና ሳናያቸው ከማዶ ሆና፣ «አሰላሙ ዐለይኩም አባ!» አለች። ሽማግሌው ቆም ብለው ማን እንደሆነች ለመለየት ዓይናቸውን አጠበቡ። ይህን ስናይ ለሚቀጥለው የሶዶ ቀጠሮ አብረውን እንዲሄዱ ጠየቅናቸው፤ እሺ ብለውናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ዓይናችንንም ልባችንንም ያብራልን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻ አላህ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።