ሪስታርት ማድረግ ጥገና አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ኮድ የማትጽፉም አንብቡት፣ አይከብድም። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ይቅርታ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። "ቲቸር፣ አንድ ሰርቨር አስቸግሮናል" አለኝ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ከቅርንጫፎች መረጃ የሚቀበል የሊኑክስ ሰርቨር ነው። ቀን በገፋ ቁጥር እየተንቀራፈፈ ሄዶ በመጨረሻ ቀጥ ይላል።

"እና ምን ስታደርጉ ቆያችሁ?" አልኩት።

ሳቀ። "በየእሁዱ ሌሊት ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ አድርገነዋል። ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን ግን እሁድ ሳይደርስ መቆም ጀመረ።" አለቆቹ ሚሞሪ ይጨመር ብለው ግዢ ጠይቀዋል።

ማታ ማታ በስልክ አብረን መፈለግ ጀመርን። የፕሮግራሞቹን ሚሞሪ አንድ በአንድ ብንደምር ከጎደለው ጋር አይገጥምም። የጎደለው ከርነሉ ውስጥ ነው ማለት ነው። ስላብቶፕ የሚባለውን መሣሪያ ከፍተን ስናይ፣ ባለ 4 ኪሎባይት ቁራሾች ቁጥራቸው ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አይታይም። ከዚያ ኬሜምሊክ የተካተተበት ከርነል አስነሳን። ኬሜምሊክ ከርነሉ ውስጥ ማንም የማያስታውሰውን ሚሞሪ እየፈለገ "ይህን የወሰደው እገሌ ነው" ብሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ጣቱን የቀሰረው የመገናኛ ካርዱ ድራይቨር ላይ ነበር። ድራይቨሩ ከካርዱ ጋር የመጣ እንጂ የዋናው ሊኑክስ አካል አይደለም። ደግነቱ ኮዱ አብሮ ተሰጥቷል።

ኮድ ለማትጽፉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የከርነል ሚሞሪን እንደ ዕድር ዕቃ ቤት አስቡት። ድስቱም ወንበሩም የጋራ ነው። ተራ ፕሮግራም ተበድሮ ሳይመልስ ቢሞት ከርነሉ ሄዶ ዕቃውን ይሰበስባል። ድራይቨር ግን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው ነው። እሱ ወስዶ ከረሳ ከኋላው የሚሰበስብ የለም፤ ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ ጠፋ ማለት ነው።

የእኛ ድራይቨር መስመር ሲከፍት መጀመሪያ ባለ 4 ኪሎባይት 32 በፈሮች ይወስዳል። በድምሩ 128 ኪሎባይት። ቀጥሎ ካርዱን "መስመሩን ክፈት" ይለዋል። መስመሩ ካለ ሁሉም ሰላም ነው። ከሌለ "አልተሳካም" ብሎ ይወጣል፤ በፈሮቹን ግን አይመልስም። ከ5 ሰከንድ በኋላ ደግሞ እንደገና ይሞክራል፣ ሌላ 32 ይወስዳል፣ የአዲሶቹን አድራሻ በድሮዎቹ አድራሻ ላይ ይጽፍበታል። ዕቃውም ጠፋ፣ ደረሰኙም ጠፋ።

እስቲ እናስላው። በሰዓት 720 ሙከራ ነው። በ128 ኪሎባይት ስናባዛው 90 ሜጋባይት። መስመሩ በቀን 4 ሰዓት ሲጠፋ 360 ሜጋባይት ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ላይ የነበረው 4 ጊጋባይት ነጻ ቦታ አስራ አንድ ቀን ይቆያል። የእሁዱ ሪስታርት ይደርስለት ነበር። ሰሞኑን መስመሩ በቀን 8 ሰዓት መጥፋት ሲጀምር ግን ስድስት ቀን አልሞላም። የተጠየቀው ሚሞሪ ቢገዛ ኖሮ የምንገዛው ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የቆጨኝ። ካርዱን የሠሩት ሰዎች ሰነፎች ናቸው ብዬ አላስብም። እነሱ ጋ መስመር መጥፋት አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ይሆናል፤ በዓመት አንድ ሁለት ሜጋባይት ቢፈስ ማን ያየዋል? እኛ ጋ ግን መብራቱም ኔትወርኩም እንዲህ ነው። ለሌላው ጠባብ የጓሮ መንገድ የሆነው "አልተሳካም" ለእኛ የየዕለት አስፋልት ነው። ስለዚህ ያንን መንገድ ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

ጥገናውም ቢሆን በቀላሉ አልሆነም። ልጁ በዚያው ሌሊት በፈሮቹን የሚመልስ መስመር ጨመረና "አለቀ!" ብሎ ጻፈልኝ። ድራይቨሩን ሲያወርደው ሰርቨሩ ወደቀ። ለካ መዝጊያው ላይ ያለው ኮድም እነዚያኑ በፈሮች ይመልሳል። አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ መመለስ ደግሞ ካለመመለስ ይብሳል፤ በመካከል ሌላ ሰው ወስዶት ሊሆን ይችላላ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ። በሁለተኛው ሙከራ ከመለሰ በኋላ ፖይንተሮቹን ባዶ አደረጋቸው። ባዶ ፖይንተር ቢመለስ ከርነሉ ዝም ብሎ ያልፈዋል። በቃ፣ ጥቂት መስመሮች ናቸው። መስመሩን ሆን ብለን ነቅለን አሳደርነው። የ4 ኪሎባይቶቹ ቁጥር ንቅንቅ አላለም።

አሁን ወደ ይቅርታው ልምጣ። የድሮ የማስተማሪያ ማስታወሻዬን አውጥቼ አየሁት። ሚሞሪ አወሳሰድ ለማሳየት ሰሌዳ ላይ የምጽፍላችሁ ምሳሌ ይኸው ራሱ ስህተት አለበት! ሦስተኛው እርምጃ ሲከሽፍ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳይመልስ ይወጣል። ለዓመታት አስገልብጫችኋለሁ፤ ፈተና ላይም እንደዚያ ለጻፈ ሙሉ ማርክ ሰጥቻለሁ። ይባስ ብዬ የዳይክስትራን የ1968 (እ.ኤ.አ.) ደብዳቤ እየጠቀስኩ "ጎ ቱ የሚባል ነገር እንዳላይ" እላችሁ ነበር። የሊኑክስ የኮድ አጻጻፍ መመሪያ ግን አንድ ፈንክሽን ከብዙ ቦታ የሚወጣና ማጽዳት ያለበት ሲሆን በጎ ቱ ወደ አንድ መውጫ መሄድን ይመክራል፦ የወሰድከውን በተቃራኒው ቅደም ተከተል እየመለስክ ውጣ። ደንቡን አስተማርኳችሁ፣ የማይሠራበትን ቦታ ግን አላስተማርኳችሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

"ቲቸር፣ ሥራ እየጠበቀ ማን ከርነል ያነባል?" የምትሉኝ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ሪስታርትን አልንቅም። የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ኮድ አይነበብም። ግን በፋሻ የታሰረ ቁስል በማግስቱ ይታያል። እኛ ፋሻውን በየእሁዱ እየቀየርን ሦስት ዓመት ኖርን፣ ከዚያ ትልቅ ፋሻ ለመግዛት ጨረታ ልናወጣ ነበር።

የምታስተምሩ ወዳጆቼን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፈተና ስታወጡ "ፕሮግራሙ ምን ያወጣል?" ብቻ አትበሉ። "ሦስተኛው መስመር ቢከሽፍ በእጃችን ምን ቀረ? በምን ቅደም ተከተል ይመለስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ በየሳምንቱ ሪስታርት የምታደርጉት ነገር ካለ አንድ ማታ ስጡት፤ ቁጥሩን ጻፉ፣ በማግስቱ አወዳድሩ። ከቸገራችሁ ደውሉልኝ፣ አብረን እናያለን። ዕዳ አለብኝ።