ስለ መኪና ማራገቢያና ማቀዝቀዣ

የመኪና ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ለአዋሽና ለድሬዳዋ ሙቀት ብቻ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በክረምት ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ቤተ ሰቡን ይዞ በጣርማ በር ጉም ውስጥ የሚወርድ ሰው ይልቁን ይፈልገዋል። አምስት ሰዎች መስኮት ዘግተው በተቀመጡ ጊዜ ትንፋሻቸው የፊቱን መስተዋት ይጋርደዋልና፤ በመዳፍ ቢጠርጉትም ወዲያው ይመለሳል። ኤሲ የሚሉት ማቀዝቀዣ የአየሩን እርጥበት ውሃ አድርጎ ያስቀርና ደረቁን ነፋስ ይልካል፤ ማሞቂያው አብሮ ቢከፈትና አየሩ ከውጭ እንዲገባ ቢደረግ መስተዋቱ ቶሎ ይጠራል። እንግዲህ ማራገቢያው የቆመ እንደ ሆነ ልጆች ጭኖ በገደል አፋፍ ሳያዩ መንዳት ይሆናልና ነገሩ አይናቅም።

አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጠፋው ነፋሱ ነው ወይስ ቅዝቃዜው? ነፋሱ ጠፍቶ ሳለ ጋዝ ማስሞላት ገንዘብን በከንቱ መበተን ነው።

ማራገቢያው በታችኞቹ ቁጥሮች ዝም ብሎ በመጨረሻው ቁጥር ብቻ የሚሠራ ቢሆን፥ ብዙውን ጊዜ በደሉ የሞተሩ አይደለም፤ የሬዚስተሩ ነው። ይህ ትንሽ ዕቃ ኤሌክትሪኩን እየቀነሰ ፍጥነቱን ያበርዳል፤ በመጨረሻው ቁጥር ግን ኤሌክትሪኩ በእርሱ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። እርሱ ሳይመረመር ግን ንጹሑ ሞተር ተፈርዶበት ሲወጣ፥ የቤቱም ወጪ ሲበዛ እናያለን። ሬዚስተሩ የሚበርደው በማራገቢያው ነፋስ ስለ ሆነ፥ ፊልትሮው በአቧራ የተደፈነ ወይም ሞተሩ በግድ የሚዞር ከሆነ አዲሱም ይቃጠላል። ፊልትሮው በብዙ መኪኖች ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ በስተኋላ ይገኛልና፥ እርሱን አውጥቶ ለማየት መካኒክ መጥራት አያሻም።

በማናቸውም ቁጥር የማይነሣ ቢሆን ፊውዙ ይታይ። የተቃጠለው በዚያው ቁጥር ባለው ይተካ እንጂ በሽቦ ወይም በሚበልጥ ቁጥር አይተካ፤ እሳትን በገዛ እጅ መጥራት ነውና። ሞተሩን ከውጭ ቀስ ብለው ሲመቱት ቢነሣ፥ ይህ ብዙ ጊዜ የካርቦኑ ማለቅ ምልክት ነው እንጂ ፈውስ አይደለም።

ነፋሱ በርትቶ ሳለ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ጋዙ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቧንቧ የሚዞር ነው። ስለዚህ ጋዝ ጎድሏል የሚል መካኒክ በየት እንደ ወጣ አስቀድሞ ይጠየቅ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. ከተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ አር-12 የተባለው ጋዝ ቀርቶ አር-134ኤ ተተክቷል፤ በቅርብ ጊዜ በተሠሩት ብዙ መኪኖች ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፤ እነዚህም አይደባለቁም። ቧንቧውን በቤት መፍታት ቆዳንና ዓይንን በብርድ ስለሚያቃጥል አጥብቀን እንከለክላለን።

ከመኪናው በታች ጥርት ያለ ውሃ ቢንጠባጠብ አንባቢዎቻችን አይደንግጡ፤ ከአየሩ የተለየው እርጥበት ነው። ወደ ውስጥ ምንጣፍ ቢፈስ ግን ማስወገጃው ቱቦ ተደፍኗልና ያስጠርጉት። ቀለምና የሚጣፍጥ ሽታ ካለው ከሞተሩ ማቀዝቀዣ የፈሰሰ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ልጆች አይንኩት።