ልጆች እጃቸውን የሚነክሩበት ወንዝ

ለዕረፍት ባሕር ዳርቻ ወርዶ በክርና በመረብ ሸርጣን መያዝ ለብዙ የዓለም ሕዝብ የልጅነት ወግ ነው። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ምጽዋ ወርዶ ጉርጉሱም አሸዋ ላይ መዝናናት የጥቂት ቤተሰብ ዕድል ነበር። ሸርጣኑ ግን አለን፤ ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር፣ በደጋው ጅረት ውስጥ። ስለዚህ ፍጡርና እሱን እያሳደዱ ስለሚያድጉት ልጆች ለመጻፍ ከተነሣሁ ቆየሁ። አሁን ግን የሚያጣድፍ ነገር አለ፦ ጅረቶቹ እያለቁ ነው።

የእኛ ሸርጣን ባሕርን አያውቅም፤ አያስፈልገውምም። የባሕሩ ሸርጣን እንቁላል ሲፈለፈል የሚወጣው ደቃቅ እጭ ነው፤ ከውኃው ጋር እየተንሳፈፈ ሩቅ ሄዶ ያድጋል። የወንዟ ሸርጣን እንዲህ አታደርግም። ጥቂት ግን ትልልቅ እንቁላሎች ከሆዷ ሥር ይዛ ትቆያለች፤ ሲፈለፈሉም የሚወጡት መልካቸው የተሟላ፣ ከጥፍር የሚያንሱ ሸርጣኖች ናቸው። ለጥቂት ጊዜ እዚያው እናታቸው ላይ ተለጥፈው ይቆዩና ከአጠገቧ ድንጋይ ሥር ይበተናሉ። ይህ ለልጆች የሚነገር ደስ የሚል ወሬ ብቻ አይደለም። የባሕሩ ዳርቻ አንድ ዓመት ቢራቆት ማዕበሉ በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ቦታ እጭ ያመጣለታል። ለጅረቱ ግን ማንም አያመጣለትም። አንዱ ወንዝ ውስጥ ያሉት ካለቁ አለቁ ማለት ነው።

እንጦጦ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። ወደ ሰሜን የወረደው የሱሉልታን ሜዳ አጥግቦ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ነው። በቡራዩ በኩል የሚወርደው ደግሞ፣ ከወጨጫ ተራራ በሰበታ በኩል ከሚመጣው ጋር፣ የአዋሽ ነው። ገፈርሳ የተገደበበት ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ምዕራብ አቋርጦ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በዚህም በዚያም ያለው ሸርጣን የሚኖረው መንገዱ መጀመሪያ ላይ፣ ውኃው ገና ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ሆኖ በድንጋይ መሐል በሚሮጥበት ቦታ ነው።

ሸርጣን የሚያዝበትን ወቅት የሚያውቁት እረኞች ናቸው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ነው፤ በክረምት ግን ጅረቱ ይሞላል፣ ይደፈርሳል፣ ሰው ይወስዳል። ክረምት ላይ ልጅ ወደ ወንዝ አይላክም። ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ነው፤ ጎርፉ አልፎ ውኃው ሲጠራ፣ ጠርዙ ላይ አደይ አበባ ሳይረግፍ።

ባለፈው ኅዳር ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሲይዙ ቆሜ አየሁ። አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ መጀመሪያ ያለኝ፣ «ጋሼ፣ ከላይ በኩል አይቁሙ፤ ይደፈርስብናል» ነበር። ልክ ነው። ድንጋይ የሚገለበጠው ከታች ወደ ላይ እየተሄደ ነው፤ የተነሣውን ጭቃ ውኃው ከኋላ ይዞት ይሄዳል፣ ከፊት ያለው እንደጠራ ይቆያል። ልጁ ድንጋዩን በሁለት እጁ ቀና አድርጎ ትንሽ ጠበቀ። ጭቃው ሲጠራ ቡኒ ጀርባ ታየ፤ መቀሶቹን ዘርግቶ ወደ ጎን ሊሸሽ ሲል ልጁ ከኋላ በኩል ጀርባውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዘው። መቀሱ እዚያ አይደርስም። ከዚያ ገልብጦ ሆዱን አሳየኝ። ከሆዱ የታጠፈው ክዳን ጠባብ ከሆነ ወንድ ነው፣ ሰፊ ከሆነ ሴት ናት፤ ሰፊው ክዳን ለእንቁላሉ መያዣ ነው። ይህን ያስተማረው መምህር የለም፤ ታላቅ ወንድሙ ነው ያሳየው። አጠገቡ የነበረችው ልጅ ደግሞ በክር ጫፍ የምድር ትል አስራ ወደ ጉድጓድ አፍ አውርዳ ነበር። ሸርጣኑ ትሉን ሲጨብጥ ሳትቸኩል ትስባለች፤ ከቸኮለች ይለቃል። እሱ ግን ስስታም ነውና ብዙ ጊዜ አይለቅም።

ከዚያ ምን አደረጉ? መለሱት። እኔን የነካኝ ይህ ነው። ልጁ ድንጋዩንም እንደነበረው አስቀመጠው።

የእኛ ሕዝብ በአመዛኙ ሸርጣን አይበላም። በኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጡር እንዳይበላ ተከልክሏል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ሥርዓት ይዛለች። የማይበላ ነገር ደግሞ ልጅ ለጨዋታ ይይዘዋል እንጂ ለድስት አያሳድደውም። በሚበላበት አገር ግን ሕግ ማውጣት ግድ ሆኗል። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን አጠገብ ያለችውን ሜሪላንድን ብንወስድ፣ በቼሳፒክ ሰላጤ ለመዝናናት ሸርጣን የሚይዝ ሰው የዶሮ አንገት በገመድ አስሮ ከድልድይ ላይ ያወርዳል። ነገር ግን ሴቷን ይዞ መሄድ አይፈቀድለትም፤ ወንዱም ቢሆን ጀርባው 5 ኢንች ካልሞላ መመለስ አለበት፣ ከጁላይ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ትንሽ ይጨመርበታል። በአዘቦት ረቡዕ ቀን ሰላጤው ላይ መያዝ ክልክል ነው። ቤተሰብ ለመዝናናት ሲወጣ መለኪያ ይዞ ይወጣል፤ ሕፃኑም እየለካ ያድጋል። በዚህ በጣም እቀናለሁ። የምቀናው ግን በሚበላው ሸርጣን አይደለም፤ አንድ መንግሥት በልጅ እጅ ስላለች ሸርጣን በመጨነቁ ነው።

እኛ ዘንድ ሃይማኖትና ወግ ሸርጣኑን ከድስት አድነውታል። ከፍሳሽ ግን አላዳኑትም። ይህን ለማየት ከሰበታ አልፎ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከከተማው በላይ ከወጨጫ በኩል የሚወርደው ውኃ ድንጋዩን ያሳያል። ከከተማው በታች፣ ፋብሪካዎቹን ካለፈ በኋላ፣ አረፋ ይዞ ይሄዳል፤ ቀለሙ እንደ ቀኑ ይለያያል፣ ሽታውም ከመንገድ ላይ ይሰማል። እዚያ ልጅ ድንጋይ ቢገለብጥ የሚያገኘው ጥቁር ዝቃጭ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን «ወንዝ እንዳትነኩ» ብለው ያሳድጋሉ፣ ደግሞም እውነታቸውን ነው። በገዛ ቀዬ ባለ ወንዝ ላይ እንዲህ ብሎ ልጅ ማሳደግ ግን ምን ያህል ከባድ ኪሳራ እንደሆነ የሚናገር አላየሁም።

የሚያስቆጨው፣ እዚያው ሰበታ ውስጥ የብሔራዊ ዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። አገራችን ስለ ውኃ ፍጡራን ካላት ዕውቀት ከፊሉ እዚያ ተቀምጧል። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በዓመት አንድ ቀን ወደ ማዕከሉ፣ ሌላ ቀን ወደ ላይኛው ጅረት ቢወስዱ የሚያገኙት ትምህርት ከመጽሐፍ የሚበልጥ ይመስለኛል። ስለ ሸርጣን የሚታወቀው ገና ጥቂት ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት 1,280 ያህል የወንዝና የሐይቅ ሸርጣን ዝርያዎችን መርምሮ፣ ግማሽ ለሚሆኑት መረጃ በማጣቱ ብቻ ስለ ሁኔታቸው መፍረድ አልቻለም። የጠፋው መረጃ ሱሉልታ ውስጥ በእረኛ ልጅ ጣት ላይ አለ፤ የጠየቀው የለም እንጂ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። አዲስ ከተማ ሲሠራ ስለ ወንዝ ዳር ልማት መወራቱ አይቀርም፤ አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክቷን ይዛ ተነሥታለች። ዳርቻ መልማቱ ጥሩ ነው። ፍርሃቴ ግን ውኃው በሲሚንቶ ቦይ ታጥሮ፣ ሣሩ ላይ «መርገጥ ክልክል ነው» ተጽፎበት፣ ወንዙ በአጥር የሚታይ ሥዕል ሆኖ እንዳይቀር ነው። ሲሚንቶ ላይ ሸርጣን አይኖርም። ሸርጣን የሚኖረው ልቅ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥርና የሚቆፈር አፈር ባለበት ነው፤ የልጅ ጨዋታም እዚያው ነው። ገፈርሳን መዝናኛ አድርጉልን አልልም፤ የመጠጥ ውኃችን ነው፣ ይጠበቅ። ሌሎቹ ጅረቶች ግን ድንጋያቸውን ይዘው ይቆዩልን። መሐንዲሶቹ በየፓርኩ አንድ ሃምሳ ሜትር እንኳ ያለ ሲሚንቶ ቢተዉልን ብዙ ነው።

ለዚህ የሚሆን ሕግ አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እኔን ነክቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን ስለሚበክል አካል ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅድለታል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ወላጅ መሆን በቂ ነው፣ መምህር መሆን በቂ ነው፣ በወንዙ አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ መሆንም በቂ ነው። ልጆቹን ይዞ ወደ ጅረት የሚወጣ ሰው የውኃውን ቀለም ባየበት ቀን ቦታውንና ቀኑን ጽፎ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ የሠፈሩን ሰው አስፈርሞ አቤቱታውን ያስገባ።