ሞምባሳ ላይ ያፈርኩበት ጥያቄ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ውጭ ያለው ወንድሜ "ልጆቹ አንዴ ባሕር ይዩ" ብሎ ወጪውን ችሎን ሞምባሳ ደርሰን መጣን። ልጆቹ ከውሃው አንወጣም ብለው ነበር።

አንድ ቀን አስጎብኚው፣ ፖርቹጋሎች እንደ ፈረንጆቹ በ1593 መሥራት የጀመሩትን ፎርት ጂሰስ የሚባለውን ምሽግ እያዞረ ሲያስረዳን፣ ልጄ "አባዬ፣ አዲስ አበባንስ ማን ያስጎበኘናል?" አለችኝ።

አፈርኩ። ጀሞ ተወልዳ ያደገች ልጅ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየምን አታውቀውም። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ እኮ! በ1967 ዓ.ም. አፋር የተገኘችውን ሉሲን፣ ድንቅነሽን፣ ለእናንተም በሰሌዳ ብቻ ነው ያስተማርኳችሁ። ይቅርታ።

ያለው ሰው ባሕር ይሂድ፣ ደስ ይላል። አምስት ኪሎ ለመሄድ ግን ፓስፖርት አያስፈልግም፤ ታክሲ ይበቃል። ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። እናንተስ?