«የጾም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሁሉ

ቅበላ ደረሰ። ሱፐርማርኬቶቻችን ከቄሶቹ ቀድመው ጾሙን አውጀዋል፦ የጾም ኬክ፣ የጾም ቺዝ፣ የጾም አይስክሬም፣ ከባሕር ማዶ በካርቶን የመጣ የአልሞንድ ወተት። ባለፈው ዓመት ደረሰኞቼን በአንድ ፌስታል አጠራቅሜ ነበር። በፋሲካ ማግስት ተቀምጬ ስደምራቸው የመጋቢት ወጪያችን ከጥር በልጦ አገኘሁት። ጥር ላይ ሥጋውም፣ ቅቤውም፣ የጥምቀት እንግዳውም ነበረ! አፈርኩ። እንግዲህ የምናገረው ከራሴ ቤት ጀምሬ ነው፤ ማንም እንዳይቀየመኝ።

«ወተት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ ታዲያ ምን ክፋት አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የለበትም። ግን ፍትሐ ነገሥቱ በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ተናግሮ ሲያበቃ በአንቀጽ 16 ወደ ምጽዋት የሚሻገረው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ንም ከፍታችሁ እዩት፤ የጾምን ነገር ከተራበው ሰው ነጥሎ አያወራም። ከማዕዳችን የቀነስነው የደጅ ሰው ድርሻ ነበር። እኛ ድርሻውን ለኬክ ቤት ከፍለን፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ለተዘረጋው እጅ ዝርዝር ሳንቲም እንፈልጋለን።

ደግሞስ ምን አጥተን ነው? የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍት፣ አዚፋ፣ እልበት፣ ስልጆ፣ ሽምብራ አሳ፣ የገብስ ገንፎ፣ በሶ በማር። ስንት ዘመን 55 ቀን የጾመ ሕዝብ፣ ወተት ሳይነካ ጠረጴዛ መሙላትን ከማንም መማር የለበትም። የጎረቤቴ ልጅ የአኩሪ አተር ወተትን ከነብራንዱ ያውቃል፤ የሱፍ ውኃ ሳቀርብለት ግን «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ቤቱ አላየውም።

የዘይቱ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። መስከረም ላይ በጎጃም፣ በወሎና በወለጋ ማሳው ላይ ቢጫ ለብሶ የምናየው ኑግ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ውስጥ የጓሮ ወፍ መኖ ሆኖ ይሸጣል። እኛ ደግሞ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የመጣውን፣ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ የምናገኘውን ዘይት ተሰልፈን እንገዛለን። አቅም አጥቶ የሚረጋውን በሚገዛው ላይ አልፈርድም፤ የኑግ ዘይት ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። የምናገረው ለአልሞንድ ወተቱ ገንዘብ ኖሮት ለኑጉ «ተወደደ» ለሚለው ነው።

«ሽሮም እኮ ተወዷል» ትሉኛላችሁ። ተወዷል፤ ሽንኩርቱም በርበሬውም እሳት ሆኗል። ቢሆንም አንድ ኪሎ ሽሮ ቤተሰብ ስንት ቀን ያበላል፤ አንድ የጾም ፒዛ ግን በአንድ ቁጭታ ያልቃል፣ ልጆቹም ማታ እራት ይጠይቃሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ የእህቴ ነው። «ሴቷን ወደ ሙቀጫ ልትመልሻት ነው ወይ? ስምንት ሰዓት ቢሮ ውላ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ገና ሱፍ ትውቀጥ?» አለችኝ። ልክ ናት። ታሽጎ የመጣው ነገር ቤታችን የገባው በስንፍናችን ብቻ ሳይሆን ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ስለወደቀ ነው። ወንድሞቼ፣ ጾሙ የእናንተም ከሆነ ምጣዱም የእናንተ ነው። እኛ ቤት እኔ ሱፉን አምሳለሁ፣ በብሌንደር እፈጨዋለሁ (እናቴ ብታይ ትስቅብኛለች)፤ ባለቤቴ በጥብጦ ያጠላል፣ ትልቁ ልጄ እንጀራ ይፈተፍታል። ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም።

ዘንድሮ ከደረሰኙ የሚተርፈውን በሌላ ፌስታል ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ የማን እንደሆነ እናውቃለን። ስልጆ የምትሠሩ ግን ነገ ዛሬ አትበሉ። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ በስሎ፣ በርዶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ጥቂት ቀን ተከድኖ መቆየት አለበት፤ ሰኞ የተጀመረ ለመጀመሪያው ሳምንት አይደርስም።