አሮጌ ሞተር ሳይክል ማደስ፦ ከመፍቻው በፊት ማሰብ ይቅደም

በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ሸራ ለብሰው የቆሙ ሞተር ሳይክሎች ዛሬም አሉ። አንዷ የአያት ቬስፓ ናት። ሌላዋ ለግብርና ወይም ለጤና ሥራ ገጠር ለገጠር ስትሮጥ ኖራ በጨረታ የወጣች ያማሃ ናት። ባለቤቱ ፊት ሦስት መንገድ አለ፦ ለቁራሌው በኪሎ መሸጥ፣ እዚያው ዝጋ እንድታልቅ መተው፣ ወይም ማስነሳት።

ሦስተኛውን የሚመርጥ ወጣት ሲገኝ ደስ ይላል። ደስታው ግን ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። ሞተር ሳይክሏ ቅዳሜ ትገዛለች፣ እሑድ ትፈታለች፣ በዓመቱ በሦስት ማዳበሪያ ተከፋፍላ ትሸጣለች። ሰበቡ ሁልጊዜ የገንዘብ እጥረት ነው ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። እድሳቱን የሚገድሉት በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠሩ ስህተቶች ናቸው፤ እነሱን ለመከላከል ደግሞ ብር ሳይሆን ትዕግሥት ይበቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ወረቀቱ ከብረቱ ይቀድማል

ጀማሪ ሞተሩን አይቶ ይወዳል፤ ሊብሬውን የሚጠይቀው ከተዋዋለ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ሊብሬው ይታያል፣ ቀጥሎ የሻሲና የሞተር ቁጥሩ በጨርቅ ተጠርጎ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸራል። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ነው። ሻጩ ሟች አባቱን እየጠቀሰ «ወረቀቱ ይፈለጋል» ካለ ወረቀቱ ተፈልጎ እስኪገኝ ብሩም ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ይህ የቢሮክራሲ ፍቅር አይደለም። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ወንጀልን ምክንያት አድርጎ፣ በከተማዋ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ካገደ ወዲህ ሞተረኛ በጥርጣሬ ዓይን ሲታይ ቆይቷል። ሰነድ የሌላት ሞተር ሳይክል ምንም ያህል ብታምር ታርጋና ቦሎ አታገኝም። ሁለት ዓመት ተለፍቶባት የሳሎን ጌጥ ሆና ትቀራለች።

የምታምረውን ሳይሆን የተሟላችውን

የመጀመሪያዋ ሞተር ሳይክል ብርቅዬ መሆን የለባትም። ከጣሊያን ዘመን የቀረች ሞቶ ጉዚ ማየት ልብ ያሞቃል፤ ለጀማሪ ግን ወጥመድ ናት። አንድ የጠፋ ማርሽ ዓመት ያስጠብቃል፤ በውድ ተገዝቶ ሲመጣም ላይገጥም ይችላል። ለመጀመሪያ ሥራ የሚመረጠው በብዛት የተመረተ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ትንሽ ሞተር ነው። ለምሳሌ የሆንዳ ሱፐር ከብ እ.ኤ.አ. በ1958 ተጀምሮ በ2017 ምርቱ 100 ሚሊዮን አልፏል። እንዲህ በብዛት የተሠራ ነገር ዕቃው በቀላሉ አይጠፋም፣ የሚያውቀው መካኒክም አይታጣም።

ሁለተኛው መለኪያ መሟላት ነው። የዛገች ግን ሁሉ ነገሯ ያለ ሞተር ሳይክል፣ ቀለሟ ከሚያብረቀርቅ ጎዶሎ ትሻላለች። ዝገት ይጠረጋል፤ የጠፋ የጎን ሽፋን፣ የጠፋ መብራት፣ የጠፋ ካርቡሬተር ግን እያንዳንዱ ለብቻው ፍለጋ ነው። በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማንም አይነገርም። በርካሽ የተገዛች ጎዶሎ ሞተር ሳይክል የመጨረሻ ዋጋዋ ከተሟላችው ይበልጣል።

ቬስፓ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ቬስፓ እ.ኤ.አ. በ1946 ስትወጣ አዲስ ያደረጋት እንደ ሌሎቹ የቱቦ ሻሲ ስለሌላት ነው፤ የተጠፈጠፈው ላሜራ ራሱ ሻሲዋ ነው። ስለዚህ እግር የሚያርፍበት ወለል ከበሰበሰ የበሰበሰው ጌጧ ሳይሆን አጥንቷ ነው። ከመግዛት በፊት ምንጣፉን አንስቶ በካቻቢቴ ጫፍ ወለሉን መውጋት ያስፈልጋል። ካቻቢቴው ከገባ ሥራው የቀለም ሳይሆን የጎበዝ ባትላሜራ ነው።

ከመፍታት በፊት ማዳመጥ

ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ሞተር ሳይክሏ ለምን እንደቆመች ሳይታወቅ ትበተናለች። ሐኪም ሳይመረምር አይቀድም፤ መካኒክም እንደዚያው።

መጀመሪያ ሞተሩ ይዞር እንደሆነ ይታያል። ከተጣበቀ እግር ጭኖ መርገጥ ፒስተኑን ይጎዳል። ካንዴላው ወጥቶ በቀዳዳው ቀጭን ዘይት ይፈስና ቀናት ይጠበቃል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሞከራል። ከዞረ ሦስት ጥያቄዎች ይቀራሉ፦ ግፊት አለ ወይ፣ እሳት አለ ወይ፣ ቤንዚን ይደርሳል ወይ። ግፊቱን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጣት አድርጎ መገመት ይቻላል። እሳቱ፣ ቤንዚን በሌለበት ቦታ፣ ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት አስነክቶ በመርገጥ ይታያል። ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቆሸሸ ፑንቲና ነው። ቤንዚኑ ደግሞ ለዓመታት ሲቆም እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሞታለች የተባለች ሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ የምትነሣው ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆ የሚነዳ ሞተር ከሆነ ግን ስለተነሣ ብቻ መደሰት አይገባም። ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ከሆነው የውስጥ ጎማ ማሸጊያዎቹ ደርቀዋል። በነሱ በኩል አየር ሲገባ ቃጠሎው ይሞቃል፣ ፒስተኑም መንገድ ላይ ይነክሳል። ማሸጊያ መቀየር ፒስተን ከመቀየር ይረክሳል።

መፍታት የግድ ሲሆን በሥርዓት ይሁን። እያንዳንዱ ክፍል ከመነካቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ፣ ብሎንና ዳዶው በየላስቲኩ ገብቶ ስም ይጻፍበት። አንዱ ክፍል ተሠርቶ ሳይገጠም ሌላው አይፈታ። የጃፓን ሞተሮች ባለመስቀል ብሎኖች ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በትክክል ስለማይገጥሙ ራሳቸው ይላጣሉ፤ ለእነሱ የተሠራውን መፈለግ ብዙ እንባ ያድናል።

ገንዘቡ ሲያጥር ቅድሚያው ለፍሬንና ለጎማ ነው፤ ቀለም መጨረሻ ይመጣል። ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጃል። ከ2000 ወዲህ በተመረተ ጎማ ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2309 ከሆነ በ2009 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው፣ ይጣል። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በኮምፕረሰር መንፋት ሳንባን መሸጥ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

መቁረጥ ቀላል ነው፣ መመለስ ግን...

አሁን አሁን በቪዲዮ የሚታየው ፋሽን የኋላ ሻሲውን ቆርጦ፣ መቀመጫውን አሳጥሮ፣ ማርሚታውን አውልቆ «ካፌ ሬሰር» ማለት ነው። ንብረቱ የባለቤቱ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን የተቆረጠ ሻሲ በዓመታዊ ምርመራ ጥያቄ ያስነሣል፣ በብየዳ ቢመለስም እንደ ቀድሞው መታመኑ ያጠራጥራል፣ የቀሩት ጥቂት ናሙናዎችም አንድ ይጎድላሉ። ጀማሪ መጀመሪያ የተሠራችበትን መልክ ይመልስ። እንዴት እንደተሠራች ያላወቀ እንዴት እንደሚያሻሽላት አያውቅም።

ጭሱስ?

«ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ጭስ ማስነሳት ምን ይባላል?» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ተቃውሞው ክብደት አለው። አገሪቱ ራሷ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወስናለች፤ የአሮጌ ቬስፓ ጭስም ሽቶ አይደለም። ግን እሑድ እሑድ የምትወጣ ሞተር ሳይክል የከተማዋን አየር የምትወስን አይደለችም። ከእሷ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ከቤንዚን ጋር አያልቅም። ኩሽኔታ፣ ፍሬንና የኤሌክትሪክ መስመር በባትሪ በሚሄደውም ላይ አሉ። ብልሽትን በቅደም ተከተል ማሰስ የሚችል እጅ ለሁለቱም ይሆናል።

ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይም አለ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ቶርኖ፦ የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያንኛ ተወርሶ አማርኛ የሆነ ነው። እውቀቱም እንዲሁ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ ሲወርድ መጥቷል። ፑንቲና በሲጋራ ወረቀት የሚለኩ፣ የሞተርን ሕመም በድምፁ የሚለዩ ሽማግሌ መካኒኮች እየደከሙ ነው። እነሱ ዘንድ ሄዶ «ጋሼ፣ ይህን ያሳዩኝ» ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ የቆመች አሮጌ ሞተር ሳይክል ከዚህ የተሻለ ምክንያት አትሆንም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሸራውን የሚገልጥ ወጣት አንድ ሞተር ሳይክል ብቻ ይያዝ፣ ትንሿን፣ የተሟላችውን፣ ሊብሬ ያላትን። ሁለተኛዋን የሚገዛው የመጀመሪያዋ ቦሎ ለጥፋ ከግቢ ስትወጣ ነው። የተጀመረ ሞተር በየሰፈሩ ሞልቷል፤ የጎደለው ያለቀ ነው።